ቦንድ ቢሸጥ የቆመው ሕንፃ ያልቃል ወይ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። የምሠራው በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ግቢያችን ውስጥ ተጀምረው የቆሙ ሕንፃዎች አሉ። የዶርሙ ጣሪያ ያፈሳል፣ ላብራቶሪ አይበቃም። ሮድ አይላንድ የሚኖረው ወንድሜ "ለዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ቦንድ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ ተብለን ድምፅ ሰጠን" ሲለኝ ገረመኝ። እኛም ለግድቡ ቦንድ ገዝተናል። ታዲያ ለዩኒቨርሲቲስ ለምን አይሆንም? ደመወዜ ትንሽ ብትሆንም እኔ እገዛለሁ። ወንድሜም በዶላር እገዛለሁ ይላል።»

መልስ፦ ይቻላል። ግን እርስዎ ካሰቡት ሕንፃ አይጀመርም። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠቀሱም፣ እኔም አልጠይቅም። ችግሩ የአንድ ግቢ ስላልሆነ መልሱ ያው ነው።

ቦንድ ብድር ነው። የሚገዛው ሰው አበዳሪ ነው፤ ገንዘቡን ከነወለዱ የሚቀበልበት ቀን ወረቀቱ ላይ ተጽፎለታል። ገዢ አይጠፋም፣ እርስዎም ወንድምዎም አላችሁ። ነገሩ ሁሌም የሚከረው ከፋዩ ላይ ነው። ማን ይከፍላል? ከየትኛው ገቢ? ይሄ ካልታወቀ ቦንዱ ዕዳ ከሜዳ ነው የሚሆነው።

ወንድምዎ የመረጡበትን እንየው። ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ የአሜሪካዋ ግዛት የሮድ አይላንድ ሕዝብ የ160.5 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ቀረበለት። 87.5 ሚሊዮኑ ለሮድ አይላንድ ዩኒቨርሲቲ የባዮሜዲካል ሳይንስ ሕንፃ ነው። 73 ሚሊዮኑ ለሮድ አይላንድ ኮሌጅ የሳይበር ደኅንነት ትምህርት ሕንፃ ነው። ሕዝቡ ይሁን አለ።

እዚህ ላይ ከፋዩ ማነው? ዩኒቨርሲቲው አይደለም። ግዛቲቱ ናት፣ ከምትሰበስበው ግብር። ቦንዱን የገዛ ሰው የዩኒቨርሲቲውን ሒሳብ አያገላብጥም፤ የግዛቲቱን ግብር አምኖ ነው የሚገዛው። ድምፅ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ግብር ከፋዩ «ከኪሴ ውሰዱ» ማለት አለበት። ለመራጩ በሚታደለው መጽሐፍ ላይ ደግሞ ወለዱን ጨምሮ ጠቅላላ ወጪው ምን ያህል እንደሆነ ይጻፍለታል። ይሄንን ነገር በጣም ነው የምወደው። በ5 በመቶ ወለድ፣ በ20 ዓመት፣ በእኩል ዓመታዊ ክፍያ ብናሰላው ያ 160.5 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎ ሲያልቅ ወደ 257.6 ሚሊዮን ይደርሳል። 97 ሚሊዮን ገደማው ወለድ ነው። መራጩ ይሄን አይቶ ነው እሺ የሚለው።

ሌላም ነገር አለ። እንዲህ ያለ ቦንድ ወለዱ ከፌዴራል የገቢ ግብር ነፃ ነው። ስለዚህ አበዳሪው በዝቅተኛ ወለድ ይስማማል። ይሄ ድጎማ ነው፣ ስሙ ድጎማ ባይባልም።

እሺታ ግን ሁሌ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2000 የሰሜን ካሮላይና ሕዝብ ለዩኒቨርሲቲዎችና ለኮሌጆች የ3.1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ በ73 በመቶ ድምፅ አጽድቋል፤ የየግቢው ፕሮጀክት በስም ተዘርዝሮ ሕጉ ውስጥ ገብቶ ነበር። ካሊፎርኒያ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የ15 ቢሊዮን ዶላር የትምህርት ቦንድ አቅርባ ተሸነፈች። (የድምፅ መስጫው ቁጥር 13 ነበር፤ ድሮ እ.ኤ.አ. በ1978 የንብረት ግብርን የገደበው ሕግም 13 ነበር፣ ለሽንፈቱ ቁጥሩንም የሚወቅሱ አሉ።) እ.ኤ.አ. በ2024 እንደገና ሲሞከር 10 ቢሊዮን ሆኖ አለፈ። የግዛቲቱ ሁለት ትልልቅ የዩኒቨርሲቲ መዋቅሮች ግን ከዝርዝሩ ወጥተው ነበር። ገንዘቡ የሄደው ለታችኛው ትምህርት ቤትና ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። እንግዲህ ሀብታም አገርም ዩኒቨርሲቲውን በር ላይ ትቶት ያልፋል።

ሁለተኛም ዓይነት ቦንድ አላቸው። ዶርም፣ ካፌ፣ የመኪና ማቆሚያ ሲሠሩ ግብር ከፋዩን አይጠይቁም። ከተማሪው የሚሰበሰበው ኪራይ ራሱ ቦንዱን ይከፍላል። ይሄኛውን ያዙልኝ፣ ለእኛ የሚቀርበው እሱ ነው።

ወደ ግድቡ እንምጣ። ግንባታው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀመረ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። መንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን በየወሩ እየተቆረጠበት ቦንድ ገዛ። ይሄን ያደረገው ወለድ አሰልቶ እንዳልሆነ እርስዎም እኔም እናውቃለን። ያም ሆኖ ከስሜቱ በስተጀርባ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ መንግሥት ራሱ ከኋላ ቆሟል። ሁለተኛ፣ ግድቡ የሚሸጥ ነገር አለው። ኤሌክትሪክ ይሸጣል፣ ደንበኛው ቆጣሪ አለው፣ በየወሩ ይከፍላል።

የመማሪያ ክፍል ቆጣሪ የለውም።

ዶርምስ? ዶርምም በእኛ ሥርዓት ለዩኒቨርሲቲው አይከፍልም። ተማሪው ሲገባ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። ምግቡ፣ መኝታውና የትምህርቱ የተወሰነ ድርሻ ዕዳ ሆኖ ይጻፍበታል። ከተመረቀ በኋላ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። የሚከፍለው ግን ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ነው። ገንዘቡ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል እንጂ ወደ ግቢዎ አይመለስም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ለአበዳሪ «ይሄን የዶርም ገቢ ዋስ አድርጌ ልበደር» ማለት አይችልም። ገቢው የእሱ አይደለም። ለእኔ ትልቁ ማነቆ ይሄ ነው፤ የቦንድ ሕግ መኖር አለመኖሩ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

እንዲያም ሆኖ ጥያቄዎ ውስጥ አንድ ትክክለኛ ነገር አለ። ሕንፃዎቹ የሚቆሙት ለምን እንደሆነ በቅርበት ካየነው ቦንድ የሚፈታው ነገር አለ።

ለምሳሌ አንድ ጂ ፕላስ 4 የመማሪያ ሕንፃ እንውሰድ። ውሉ የሁለት ዓመት ነው። የካፒታል በጀት ግን የሚመጣው በየዓመቱ ነው፣ ያውም እየተቆራረጠ። ሐምሌ ላይ በጀት ይታወጃል። ኮንትራክተሩ ይሠራል፣ የክፍያ ሰርተፍኬት (ለሠራው ሥራ የክፍያ መጠየቂያ) ያቀርባል፣ አማካሪው ያጸድቃል። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ሰርተፍኬት ፋይናንስ ሲደርስ ገንዘቡ አልቋል። «የሚቀጥለውን ዓመት ጠብቅ» ይባላል። ኮንትራክተሩ ሚክሰሩንና ሠራተኛውን ይዞ ሌላ ሳይት ይሄዳል። ጥበቃ ብቻ ይቀራል። ከኮለኑ ጫፍ የወጣው ፌሮ ዝናብ ይመታዋል፣ ይዝጋል። በሚቀጥለው ዓመት የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ሌላ ሆኗል። ኮንትራክተሩ የዋጋ ማስተካከያ ይጠይቃል፣ ዩኒቨርሲቲው አቅም የለኝም ይላል፣ ደብዳቤ ይጻጻፋሉ፣ ውል ይቋረጣል፣ እንደገና ጨረታ ይወጣል። አንዳንዱ ግቢ ደግሞ ሰኔ ላይ የተረፈ በጀት ተመላሽ እንዳይሆንበት ሌላ ሕንፃ ያስጀምራል። እንዲህ ነው የቆሙት የሚበዙት። ሰው በደመወዙ ቤት ሲሠራ ዘንድሮ መሠረት፣ ከርሞ ግድግዳ፣ በር ደግሞ እግዜር ሲል እንደሚያደርገው ነው።

ቦንድ ይሄን በሽታ ያክማል። ገንዘቡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉ በሙሉ እጅ ላይ ነው። ሰርተፍኬት ሲመጣ ይከፈላል። ኮንትራክተሩም የሚዘገይበትን ክፍያ አስቦ ዋጋ አያንርም።

ግን መድኃኒቱ ራሱ መርዝ አለው። ቦንድ ከተሸጠበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጥራል። ኮንትራክተሩ ሳይት ገባ አልገባ፣ ዲዛይን ተለወጠ አልተለወጠ፣ ወለዱ አይጠብቅም። በጀት ሲዘገይ ሕንፃው ይቆማል እንጂ ዕዳ አይወልድም። በቦንድ የተጀመረ ሕንፃ ሲቆም ግን ቆሞም ይበላል። አሜሪካኖቹ ለዚህ ልጓም አላቸው። ከግብር ነፃ የሆነውን ቦንድ ሲሸጡ 85 በመቶውን ገንዘብ በሦስት ዓመት ውስጥ ለሥራው እንደሚያውሉት በቂ ምክንያት ይዘው መገመት አለባቸው። የእኛ ፕሮጀክቶች በዚህ መለኪያ ቢፈተኑ ስንቱ እንደሚያልፍ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፣ ግቢው ውስጥ ነዎት።

አሁን ቁጥር ልጻፍ፤ ካልተሰላ ወሬ ነው። 1,000 አልጋ ያለው ዶርም 500 ሚሊዮን ብር ይፈጃል እንበል። መነሻው ግምት ነው፣ እርስዎ የግቢዎን ቁጥር አስገብተው ይሥሩት። ቦንዱ በ15 በመቶ ወለድ፣ በ15 ዓመት፣ በእኩል ክፍያ ይመለስ። በዓመት 85.5 ሚሊዮን ብር መክፈል አለበት። በአልጋ 85,500 ብር ነው። ተማሪው 10 ወር ቢከፍል በወር 8,550 ብር። ይሄ ውሃ፣ መብራት፣ ጽዳት፣ ጥበቃና ባዶ አልጋ ሳይጨመር ነው። ሮድ አይላንድ ባልነው ዓይነት በ5 በመቶና በ20 ዓመት ቢሆንስ? በዓመት 40.1 ሚሊዮን፣ በአልጋ በወር 4,010 ብር። ሕንፃው ያው፣ ሲሚንቶው ያው። ልዩነቱ ወለዱና ዘመኑ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን የገበሬ ልጅ አይከፍለውም። ሁለተኛውን ደግሞ አበዳሪ አይቀበለውም፤ በእኛ የዋጋ ንረት 5 በመቶ ይዞ 20 ዓመት የሚቀመጥ ሰው በሀገር ፍቅር ካልሆነ አይገኝም።

ታዲያ ማን ይከፍላል? ናይሮቢ አንድ ምሳሌ አለ። ኤኮርን የተባለ የግል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ለተማሪ ማደሪያ ሕንፃዎች የ4.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ቦንድ ሸጧል፤ ወለዱ 12.25 በመቶ፣ ዘመኑ አምስት ዓመት። ከፋዩ በየወሩ ኪራይ የሚከፍለው ተማሪ ነው። በዚያም ላይ አንድ የውጭ ዋስትና ሰጪ ድርጅት ግማሹን ገንዘብ ዋስ ሆኖለት ነበር። ዋስ ባይኖር ያንን ያህል አበዳሪ ማግኘቱን እጠራጠራለሁ።

ሐዋሳ ላይ እንዲህ ዓይነት ከፋይ አለ ብዬ አምናለሁ። በመደበኛው ዶርም የሚያድረው ተማሪ ሳይሆን ሌላው። የግል ኮሌጅ ተማሪ አለ። የክረምትና የቅዳሜና እሑድ ተማሪ አለ። የቤት አበሉ ለከተማው ኪራይ የማይበቃው መምህር አለ። ሰልጣኝ፣ ተመራማሪ፣ በሽተኛ ይዞ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል መጥቶ አልጋ ፍለጋ የሚንከራተት አስታማሚ አለ። ይህ ሰው ዛሬም ለሆነ አከራይ እየከፈለ ነው። የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ቦንድ ቢኖር እዚህ ላይ ቢሆን ነው የምመርጠው፦ ትንሽ፣ ኪራይ የሚሰበስብ፣ ሒሳቡ ለብቻው የሚያዝ። ላብራቶሪው አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ከፋዩ መንግሥት ስለሆነ መንግሥት ራሱ ተበድሮ ወይም ከበጀት አውጥቶ ይሥራው ነው የምለው።

«ከፋይ ባይኖርም መንግሥት ዋስ ይሁን» የሚሉ አሉ። ሆኖ አይተናል። የመንግሥት የልማት ድርጅቶች በቦንድ መልክ ጭምር ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የወሰዱትና ያልከፈሉት ዕዳ ተከምሮ ተከምሮ፣ በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው 900 ቢሊዮን ብር የመንግሥት ቦንድ ለባንኩ እንዲሰጥ አጸደቀ። ዕዳው አልሞተም፣ ቤት ቀየረ። አዲሱ ቤቱ የእኔና የእርስዎ ግብር ነው።

የወንድምዎ ዶላር ላይ ጠንከር ልበል። ዩኒቨርሲቲው በብር ነው የሚሰበስበው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የተበደረ ግቢ ቢኖር ኖሮ ዕዳው በብር ሲቆጠር በአንድ ክረምት እጥፍ ሊሆንበት ምን ቀረው? አገሪቱ ራሷ በ2007 ዓ.ም. አንድ ቢሊዮን ዶላር በ6.625 በመቶ ወለድ ከዓለም ገበያ ተበድራ ነበር። ለስኳር፣ ለኤሌክትሪክ መስመርና ለኢንዱስትሪ ፓርክ ይውላል ተብሎ ነው። ታኅሣሥ 2016 ላይ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ። ዶላር የማያስገባ ሥራ በዶላር ዕዳ አይሠራም።

ሕጉም አለ። የግድቡ ቦንድ አሜሪካ ውስጥ ሳይመዘገብ ለዳያስፖራው በመሸጡ የአሜሪካ የአክሲዮንና ቦንድ ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ጉዳዩን ያዘው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በሰኔ 2008 ዓ.ም. ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከ3,100 በላይ ሰዎች የገዙት ወደ 5.8 ሚሊዮን ነበር። ወንድምዎ ማገዝ ከፈለጉ ለአንድ ላብራቶሪ ዕቃ በስጦታ ቢልኩ ይሻላል። ስጦታ ወለድ የለውም።

አገር ቤት ያለውን ሕግ በአጭሩ ልለፈው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 መበደርን የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ያደርገዋል። ክልል ከሀገር ውስጥ የሚበደርበትንም ሁኔታ የሚወስነው የፌዴራል ሕግ ነው። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን የፌዴራል ተቋማት ናቸው። ስለዚህ የሲዳማ ክልልም ሆነ የከተማ አስተዳደሩ ተነስቶ እንደ ሮድ አይላንድ «ለግቢው ቦንድ ልሽጥ» አይልም። የተከፈተ በር ግን አለ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1294 ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ የሚሆኑበትን መንገድ ጠርጓል፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ቀዳሚው ሆኗል። ራስ ገዝ የሆነ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ገቢና የራሱ ሒሳብ ይኖረዋል፤ አበዳሪ የሚያየውም እሱን ነው። አክሲዮንና ቦንድ የሚሸጥበትን ገበያ የሚመራው የካፒታል ገበያ አዋጅ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2017 ሥራ ጀምሯል። ገበያው አለ ማለት ነው። ገበያው ላይ ለመውጣት ግን ለዓመታት በኦዲተር የተመረመረ፣ ለማንም ቢገለጥ የማያሳፍር ሒሳብ ያስፈልጋል። ቅድሚያ መሠራት ያለበት ይሄ ነው፣ ደግሞም የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

የሚያፈሰውን ጣሪያ ግን በቦንድ አያስቡት። የ20 ዓመት ዕዳ ያን ያህል ለማይቆይ ቆርቆሮና ቀለም አይገባም። ልጆቹ ተመርቀው፣ አግብተው፣ ወልደው ያረጀ ቆርቆሮ ይከፍላሉ? ጥገና የመደበኛ በጀት ሥራ ነው። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ተይዞለት ቢሆን ጣሪያው እዚህ አይደርስም ነበር። አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ ለተቀየረ ቦይ ሪባን የቆረጠ ባለሥልጣን አላየሁም።

እርስዎ ውስጥ ስላሉ አንድ ነገር ማድረግ ይችላሉ። በግቢው የሠራተኞች ስብሰባ ላይ «የቆሙት ሕንፃዎች ዝርዝር ይለጠፍልን» ብለው ይጠይቁ። የእያንዳንዱ ሕንፃ የውል ዋጋ፣ እስካሁን የተከፈለው፣ ስንት በመቶ እንደደረሰ፣ ለመጨረስ በዛሬ ዋጋ ስንት እንደሚፈልግ። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ያ ወረቀት ሲወጣ ቢያንስ አንዱ ሕንፃ በጥቂት ገንዘብ ሊያልቅ የሚችል ሆኖ ይገኛል ብዬ እጠብቃለሁ። በጀቱን አምስት ቦታ ከመበተን እሱን ጨርሶ ማስረከብ ይቀድማል። አዲስ መሠረት እስከዚያ አይቆፈር። ይሄ ቦንድ አይፈልግም፣ ጨክኖ መምረጥ ብቻ ነው የሚፈልገው።

በነገራችን ላይ ለግድቡ ገዛሁ ያሉት ቦንድ መዋጮ አይደለም፣ ብድር ነው። የመክፈያ ቀኑ ሰርተፍኬቱ ላይ ተጽፏል። ቀኑ አልፎ ከሆነ መታወቂያዎንና ሰርተፍኬቱን ይዘው ወደ ገዙበት ባንክ ይሂዱና ዋናውንም ወለዱንም ይጠይቁ።